ማሽኑን ላየው ነው የመጣሁት

ጉዴ ከገበሬዎቹ ዩኒየን በር ስትደርስ ጥበቃው ሁለት ወጣቶች አቁሞ ቦርሳቸውን እያስፈታ ነበር። አንደኛው ላፕቶፑን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ለአባቱ የገብስ ዘር ሊጠይቅ እንደመጣ ይምላል ይገዘታል። ጥበቃው አልሰማውም። የቻርጀሩን ገመድ ሳይቀር አንጠልጥሎ እያገላበጠ ያየዋል፣ የሞተ እባብ እንዳገኘ ሰው።

"ላፕቶፕ ይዞ ማለፍ የለም። የበላይ ትዕዛዝ ነው።"

"ስልክስ?"

"ስልክም ቢሆን ስምህን፣ ከየት እንደመጣህ፣ ማንን እንደምትፈልግ ተናግረህ ነው።"

ጉዴ ጃንጥላዋን አጥፋ ከወጣቶቹ ኋላ ቆመች። ጥበቃው ገና ሲያያት ቻርጀሩን ለባለቤቱ ወርውሮ ቆቡን አወለቀ። ሂርጳ ይባላል፤ ጎልማሳ ነው፣ የደንብ ልብሱ ትከሻው ላይ ይሰፋዋል። ሁለት እጁን ዘርግቶ ጎንበስ አለ።

"አካም ቡልታን፣ አዮ! ደህና አደሩ፣ እናቴ? ምነው በዚህ ፀሐይ በእግርዎ?"

"በምን ልምጣ? በአውሮፕላን?"

ሂርጳ ሳቀና የራሱን የፕላስቲክ ወንበር ከጥላው ሥር ሳበላት። ጉዴ ለመቀመጥ እንዳልመጣች፣ ወደ ውስጥ እንደምትገባ ነገረችው።

"ይግቡ፣ ይግቡ። ደረጃው አሁን ነው የተወለወለው፣ ያንሸራትታል። ግድግዳውን ይዘው ይውጡ።"

ላፕቶፕ ያቀፈው ልጅ ከንፈሩን ነከሰ። "እሳቸውስ አይፈተሹም?"

"እናትህ ትፈተሻለች? አፍህን ያዝ!"

ጉዴ በሩን አለፈች። በሻሿ ጠርዝ ውስጥ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ሰማያዊ ተለጣፊ ወረቀት ነበረች። ወረቀቷ የልጅ ልጇ የዱሬቲ ናት፤ የጉዴም ጉዳይ ይህችን ወረቀት ዩኒየኑ ሰው አይደርስበትም በሚለው ማሽን ላይ ለጥፎ መውጣት ነው።

ዱሬቲ በዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ኔትወርክ ደህንነት ትማራለች። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ጉዴ በጠየቀች ቁጥር ልጅቷ ሌላ ሌላ መልስ ስትሰጣት ቆይታ፣ አንድ ቀን ድንች እየላጡ ሳለ ኮምፒውተሮች እርስ በርስ በሚነጋገሩበት መንገድ ላይ ሌባ እንዳይገባ መጠበቅ ነው አለቻት።

"ዘበኝነት ነዋ!" አለች ጉዴ።

"ዘበኝነት ነው፣ አኮ" አለች ልጅቷ፤ አያቷን የምትጠራት እንዲህ ነው።

"ለዘበኝነት ይህን ሁሉ ዓመት! የእኛን ሰፈር ዘበኛ ማን አስተማረው?"

እንዲህ ትበል እንጂ ገበያ ስትወጣ ወሬዋ ሁሉ ዱሬቲ ነበረች። ቲማቲም ስትመርጥም፣ ሚኒባስ ስትጠብቅም፣ ከቤተክርስቲያን ስትወጣም ያገኘችውን ሰው ሁሉ አቁማ፣ "የእኔ ልጅ እኮ የኮምፒውተር ሌባ ነው የምትይዘው" ትላለች። ጉዴ ራሷ ፊደል አልቆጠረችም፤ ቆጥሬ ቢሆን ብላ ስታዝንም ማንም ሰምቷት አያውቅም። እጃጂ ላይ ከመንገዱ ዳር ምግብ ቤት ከፍታ የቦቴ ሾፌር ሁሉ ስትመግብ ኖራለች፤ ልጆቿንም ያሳደገችው በዚያው ነው። ዱሬቲ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሳት ምግብ ቤቱን ለምራቷ ለቀቀችና የልጅቷን ሻንጣ ተሸክማ አብራት መጣች። ልጅቷ ዶርም አለኝ ብትል፣ "ዶርም ወጥ ይሠራል?" ብላ ዝም አሰኘቻት።

አሁን ልጅቷ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። ለመመረቂያ የአንድ ድርጅት ኔትወርክ መፈተሽ አለባት። ገብስና ድንች ከገበሬው የሚረከበው፣ ማዳበሪያና ዘር የሚያከፋፍለው ዩኒየን ፈቀደላት። ማን ምን እንዳስረከበ፣ ለማን ምን እንደሚገባው፣ የአካባቢው ገበሬ ጉዳይ በሙሉ ያለው በአንድ ማሽን ውስጥ ነው። ያ ማሽን ቢበላሽ ወይም የክፉ ሰው እጅ ቢገባበት የጎጆ ከተማ ገበሬ ድንቹን ተሸክሞ መጥቶ አናውቅህም ሊባል ይችላል። ስለዚህ ዩኒየኑ ከአዲስ አበባ አዲስ መከላከያ አስመጥቶ አስገጥሟል። ቦጂያ የሚባል ቴክኒሻንም አለው፤ ወሬ አያውቅም፣ ሥራ ግን ያውቃል።

ዱሬቲ ከዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ሆና በውጭ በኩል ስንት ጊዜ ሞከረች። አልተከፈተላትም።

"ጥሩ አድርገው ዘግተውታል" አለች አንድ ምሽት እራት ላይ፣ እንጀራውን እየቆረሰች ሳትጎርስ።

"ታዲያ ደስ አይልም?"

"ደስ ይላል። ግን ምን ብዬ ልጽፍ ነው? መምህር ኢዮሲያስ ኔትወርክ ሽቦ ብቻ አይደለም ይላል። በሩም፣ በሩ ላይ ያለው ሰውም ኔትወርክ ነው ይላል። ሥራ አስኪያጁ በሩንም እንድንፈትሽ ፈቅዶልናል፤ በዚህ ወር በፈለግነው ቀን፣ በፈለግነው ሰው። ግን በር ላይ ወጣት የሚባል አያሳልፉም። የክፍል ጓደኞቼን ጫማቸውን ሊያስወልቁ ምንም አልቀራቸው።"

"ወሩ ካለቀስ?"

"ከጓደኞቼ ጋር አልመረቅም። ለሚቀጥለው ዓመት ነው የምባለው።"

ጉዴ የወጡን ድስት ክዳን ገጠመችው። ለሚቀጥለው ዓመት! ገበያው ሁሉ ልጅቷ በሰኔ እንደምትመረቅ ያውቃል።

"እኔ ልሂድ።"

"አንቺ?"

"ምን፣ እግር የለኝም?"

ዱሬቲ ሳቀች። ቀጥሎ ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋና አያቷን እንደ አዲስ ሰው ታያት ጀመር። መምህሯ ጋ ደወለች። መምህር ኢዮሲያስ ከወላይታ የመጣ ጨዋታ ወዳድ ሰው ነው፤ መጀመሪያ ሳቀ፣ በመጨረሻም "ይሁን፣ ግን ሕጉን አስረጂያቸው" አለ። ዱሬቲም ሕጉን አስረዳች።

"አትዋሺም። ከከለከሉሽ ሳትከራከሪ ትመለሻለሽ። ሽቦ የሚባል አትነኪም። ይህችን ብቻ ለጥፈሽ ትወጫለሽ።"

"እኔ መቼ ዋሽቼ አውቃለሁ? እውነት ተናግሬ አይደል እንዴ እጃጂ ሙሉ የተቀየመኝ!"

እናም አሁን ግድግዳውን ይዛ ደረጃውን ወጣች።

ፎቅ ላይ ጸሐፊዋ አመለሸጋ ከኮምፒውተሯ ኋላ ብድግ አለች። ወንበር አቀረበችላት፤ አምቦ ውሃ ከፍታ በብርጭቆ ሰጠቻት።

"ለማዳበሪያ ነው፣ እማማ? ምዝገባው እኮ ታች ነው።"

"ማዳበሪያ ምን ይሠራልኛል፣ መሬት የለኝ። ማሽኑን ላየው ነው የመጣሁት።"

"የቱን ማሽን?"

"ያን መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚለውን። የገበሬው ጉዳይ ሁሉ በሱ ውስጥ ነው አሉኝ።"

አመለሸጋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ክፉ ሳቅ አልነበረም። "ማን ነገረዎት፣ የእኔ እናት?"

"የልጅ ልጄ። የምትማረው እሱን ነው።"

"ጎበዝ ናት በሏ!"

ጉዴ የጠየቁኝን መለስኩ ብላ ውሃዋን ጠጣች። ያን ጊዜ ከውስጠኛው ክፍል ረጅም ሰው ወጣ። ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል፤ አንገቱ ላይ በጥብጣብ ካርድ አንጠልጥሏል። ጸሐፊዋ እየሳቀች፣ "እኚህ እናት ማሽኑን ላየው ነው የመጣሁት እያሉ ነው" አለችው።

ሰውዬው አልሳቀም። መጥቶ ዝቅ ብሎ ትከሻዋን ሳማት።

"ከየት ነዎት፣ እናቴ?"

"ከእጃጂ።"

"እጃጂ! እናቴም የእጃጂ ሰው ነበረች።"

"አረፈች?"

"አምና።"

"ጌታ ያጽናህ። ከመንገዱ ዳር ምግብ ቤት የነበረኝ እኔ ነኝ፤ ሳታውቀኝ አትቀርም ነበር።"

"ያ የቦቴ ሾፌሮች የሚበሉበት? ልጅ ሆኜ ከሷ ጋር በልቼበታለሁ እኮ! እግዜር ያውቃል፣ የዚያ ቤት ሽሮ..." ንግግሩን ሳይጨርስ ክንዷን ደገፈና በኮሪደሩ ይዟት ሄደ። መጨረሻ ላይ አንድ የብረት በር ነበር። ካርዱን አስጠጋ፤ በሩ ጢጥ ብሎ ተከፈተ።

ብርዱ የጎጆ ከተማን የሐምሌ ጠዋት ያስንቃል። ፊት ለፊት ጥቁር የብረት ቁም ሳጥን ቆሟል፤ ሰማያዊ ገመዶቹ እንደተጎነጎነ ጸጉር ወርደውበታል፣ ትናንሽ መብራቶች ይጠቅሱበታል።

"ይሄ ነው?"

"ይሄ ነው።"

"ያን ሁሉ ወጣት በር ላይ የሚያስፈትሸው ይሄ ቁም ሳጥን ነው?"

ሰውዬው አሁን ሳቀ። "እንዳይነኩት ብቻ፣ ኮረንቲ አለው" ሲል ስልኩ ጠራ። ወደ ኮሪደሩ ዞሮ ዘር የጫነ መኪና የት እንደቆመ ይጠይቅ ጀመር፤ ቆጣ ቆጣ እያለ። ጉዴ ወረቀቷን ከሻሿ ጠርዝ አወጣች። ገመድ ከሌለበት ጎን ለጠፈችና በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገቻት። ጠመም ብላለች፤ ይሁን።

"ጠገቡት?" አለ ሰውዬው ተመልሶ።

"በረደኝ።"

እስከ ደረጃው ድረስ ሸኛት። ስሙን ጠየቀችው። ፈይሳ እባላለሁ አላት።

"ፈይሳ፣ ጌታ ይባርክህ። ደህና እናት ናት ያሳደገችህ" አለችው። ያለችው ከልቧ ነው።

ዱሬቲ የሁሉቃ ወንዝ ድልድይ አጠገብ ቆማ ጥፍሯን እየነከሰች ትጠብቅ ነበር። ጉዴ ጭንቅላቷን ስትነቀንቅላት መንገድ መሀል ዘለለች፤ ባጃጅ ጥሩምባ ነፋባት።

"ማን ከፈተልሽ?"

"ፈይሳ የሚባል። ደህና የተወለደ ሰው።"

"ረጅም ነው? ሽበት አለው?"

"አዎ። ምነው?"

ዱሬቲ የድልድዩ ግንብ ላይ ቁጭ አለች። "አኮ፣ እሱ እኮ ሥራ አስኪያጁ ነው። ፈቃድ የሰጠን። ዝንብ አትገባም ያለን።"

"ዝንብስ አልገባችም" አለች ጉዴ፤ ሁለቱም እስኪያለቅሱ ሳቁ።

ሳቁ ግን እስከ ከሰዓት ብቻ ነበር። ዱሬቲ በስምምነቱ መሠረት ለኦቦ ፈይሳ ደውላ ወረቀቷ የት እንዳለች ነገረችው። አላመነም። ቦጂያ ሄዶ አይቶ ሲመለስና አለች ሲለው ግን የሥራ አስኪያጁ ድምፅ ከፎቅ እስከ ግቢው ተሰማ። ያቺን እናት አላሰባትም። ሰው አዋቂ ሲሆን እንዲህ ነው፤ የሚፈራውን መልክ አስቀድሞ ይሥላል፣ ሌላ መልክ ይዞ የመጣውን አያይም። እሱ የሚፈልገው መነጽር ያደረገ፣ ላፕቶፕ የያዘ ወጣት ነበር። ያን ወጣት ያሳለፈው ደግሞ ከበር ጠባቂው ከሂርጳ በቀር ማን ይሆናል? ሂርጳ አንድም ባለቦርሳ አላሳለፍኩም ብሎ ቢምል አልተሰማም። ዓርብ የደንብ ልብስህን አስረክበህ ትሄዳለህ ተባለ።

ለዱሬቲም መልስ መጣላት። የከፈተው ሰው ስም ካልተጻፈ ሪፖርቱን አልፈርምም። የሥራ አስኪያጁ ፊርማ ከሌለው ደግሞ ትምህርት ክፍሉ አይቀበልም።

ልጅቷ ቤት ገብታ ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆመች። ጉዴ ከአፏ አንድ በአንድ አወጣጣችው።

"ታዲያ ስሙን ፈልጎ የለ? ንገሪውና ይረፈው!"

"አልችልም። ፈቃድ ስንጠይቅ የማንንም ስም አንጽፍም ብለን ፈርመናል። የዘበኛም፣ የሥራ አስኪያጅም። ስም የምንጽፍ ከሆነ ነገ ማን በሩን ያስፈትሻል? ሰው ሁሉ የተሳሳተውን ይደብቃል፣ ሌባው ብቻ ያውቀዋል።"

"ያ ወንበሩን የሰጠኝ ሰውስ? ሥራውን ሊያጣ ነው እኮ! እኔ ማሽኑን አላውቀው፣ ኔትወርኩን አላውቀው። ሰውዬው ግን ቆቡን አውልቆልኛል።"

"አውቃለሁ።"

"ካወቅሽ ምን ልታደርጊ ነው?"

"መምህር ኢዮሲያስ ስብሰባ ጠይቋል። አንቺ ፈታሿ ነሽና ስለ አንቺ መናገር እችላለሁ። እንዴት እንደገባሽ እነግራቸዋለሁ። ሂርጳ ያ በር የሚከፈትበት ካርድ እንደሌለው እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ..." ትከሻዋን ነቀነቀች።

"እኔም እመጣለሁ።"

"ከመጣሽ ትናገሪያለሽ።"

"ዝም በይ ካልሽኝ ዝም እላለሁ።"

ዱሬቲ አየቻት። አያቷ እበራለሁ ብትላት ኖሮ ከዚህ ይልቅ ታምናት ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሂርጳ በሩ ላይ ነበር። ዛሬም ተነሣ፣ ዛሬም ቆቡን አወለቀ፣ ፊቱ ግን አመድ መስሏል። "ዛሬስ ደህና ቀን አይደለም፣ አዮ" አላት። ለስብሰባው እሱም ስለተጠራ አብረው ገቡ። ደረጃው ላይ ጉዴን በክንዷ ደግፎ ያወጣት እሱ ነው። የጉዴ ምላስ አፏ ውስጥ ይፋጅ ነበር።

ሲደርሱ ሌሎቹ ተቀምጠዋል፦ ዱሬቲ፣ መምህሯ፣ አመለሸጋ፣ ቦጂያ። ኦቦ ፈይሳ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ እየመታ፣ "እኔ የምፈልገው ስም ነው" እያለ ነበር። ጉዴን ሲያይ እስክሪብቶውን ጣለና ብድግ አለ። ሌሎቹም ተነሡ።

"እናቴ! ደግሞ ማሽኑን ሊያዩ መጡ?" የራሱን ባለመደገፊያ ወንበር ጎትቶ አቀረበላት።

ጉዴ ተቀመጠችበት። ሰፊ ወንበር ነው፤ እግሯ መሬት አልነካም።

"አኮ፣ ደረጃው አደከመሽ?" አለች ዱሬቲ በቀስታ።

ኦቦ ፈይሳ ልጅቷን አየ። አሮጊቷን አየ። እጁ ወንበሩ ላይ እንዳለ ቀረ።

"ፈታሿ እሳቸው ናቸው" አለ መምህር ኢዮሲያስ።

አመለሸጋ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ቦጂያ ጣሪያውን ተመለከተ። ዱሬቲ ተነሥታ አነበበች። ከውጭ በኩል ኔትወርኩ በሚገባ የተጠበቀ መሆኑን ተናገረች፤ ለዚህም ቦጂያን አመሰገነች፣ ቦጂያ ጆሮው ቀላ። ቀጥሎ በሩ ላይ ደረሰች።

"ፈታሿ አንድም ውሸት አልተናገሩም። የመጡበትን ጉዳይ በግልጽ ተናግረዋል። ማንም ስማቸውንም መታወቂያቸውንም አልጠየቀም። የማሽኑ ክፍል የተከፈተው በካርድ ነው፤ የግቢ ጥበቃዎች ይህ ካርድ የላቸውም። የከፈተው ሰው ስም በዚህ ሪፖርት ውስጥ የለም፣ አይኖርምም።"

ዱሬቲ ወረቀቱን አስቀመጠች። ቢፈርም ይፍረም፣ ባይፈርም የሚቀጥለው ዓመት አለ፤ ፊቷ ላይ ይህ ተጽፎ ነበር፣ ፊደል የማታውቀው ጉዴም አነበበችው። ጉዴ የወንበሩን መደገፊያ ጨብጣለች። ጸጥ ማለት እንዲህ ጉልበት እንደሚጨርስ አታውቅም ነበር። ያ ሰው አጠገቧ ቆሟል፤ እጇን ዘርግታ "ይኸው!" ብትል ያልቃል። ጥርሷን ነክሳ መስኮቱን አየች።

ኦቦ ፈይሳ ዝም ብሎ መፈረም ይችል ነበር። ሁሉም ሲያስበው አዩት። ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ፤ መሐረቡን አጥፎ ኪሱ ለመክተት ብዙ ጊዜ ወሰደበት።

"ሂርጳ።"

"አቤት።"

"ልብስህን አታስረክብም።"

"እሺ፣ ጌታዬ።"

"ለምን አትለኝም?"

ሂርጳ አንገቱን አቀረቀረ።

"በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ" አለ ኦቦ ፈይሳ። "በራሴ ካርድ። ይቅር በለኝ።"

"ተመስገን ጌታዬ!" አለች ጉዴ ትንፋሿን ለቅቃ። "ታንቄ ልሞት ነበር እኮ!"

መጀመሪያ የሳቀችው አመለሸጋ ናት። ቀጥሎ መምህሩ፣ ቀጥሎ ራሱ ፈይሳ፤ ሂርጳ ሲስቅ ዓይኑ ውሃ ሞላ። ፈይሳ ቆሞ እንደሳቀ ፈረመ። ዱሬቲ ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀበለች፣ ደረቷ ላይ አደረገችው፤ ከዚያ ቀለሙ እንዳይበላሽ ብላ መልሳ አራቀችው። በሰኔ ትመረቃለች። ገበያውም አያፍርም።

አንድ ነገር ግን አልተዘጋም። ሪፖርቱ መጨረሻ ላይ ማንም ሰው፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ በር ላይ ማንነቱና ጉዳዩ ይጠየቅ፣ መታወቂያ ይታይ ይላል። ፈይሳ አንብቦ ወደ ሂርጳ ዞረ።

"ትችላለህ?"

"ወጣቱን እችላለሁ" አለ ሂርጳ። "እናት ስትመጣ ግን... ማን ነሽ ልበላት? እሷን አቁሜ መታወቂያ አውጪ ብዬ፣ እኔ ማታ እቤቴ ምን ፊት ይዤ እገባለሁ? ብባረር ይሻላል።"

"እኔም አልችል" አለች አመለሸጋ።

"እኔም" አለ ፈይሳ። "አያችሁኝ እኮ።"

መምህር ኢዮሲያስ ሥልጠና ይሰጥ አለ፣ ማስታወቂያ ይለጠፍ አለ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሥልጠናውም ማስታወቂያውም ሂርጳ ሆድ ውስጥ እንደማይገባ ግን ያስታውቃል። ነገሩ በሰኞ ስብሰባ ይታይ ተብሎ ተነሡ።

ሂርጳ ቀድሞ ወርዶ በሩ ላይ ቦታውን ያዘ። ጉዴና ዱሬቲ ሲወጡ ቆቡን አወለቀላቸው፣ ጎንበስ ብሎ መረቃቸው። ዱሬቲ የአያቷን ክንድ ይዛ ወደ ባጃጅ ማቆሚያው መራመድ ጀመረች፤ ምሳ ከውጭ እንብላ፣ ዛሬ እኔ ነኝ የምጋብዝሽ ትላለች። ጉዴ አልሰማቻትም። አስፋልቱ ዳር ስትደርስ ቆመች።

"ጠብቂኝ።"

ተመለሰችና ከበሩ ፊት ለፊት ቆመች። ሂርጳ ደንግጦ ተነሣ።

"የረሱት ነገር አለ፣ አዮ?"

"ልገባ ነው።"

"ይግቡ፣ ይግ..."

"ይግቡ አይደለም! ጠይቀኝ።"

"እባክዎ፣ አዮ..."

"መጀመሪያ ቆብህን አድርግ። አድርግ አልኩህ! አሁን ጠይቀኝ።"

ሂርጳ ወደ ዱሬቲ አየ። ዱሬቲ ከአስፋልቱ ዳር ከንፈሯን ነክሳ ቆማለች። ቆቡን አደረገ። ጉሮሮውን ጠረገ። ጫማውን እያየ፣ "ማ... ማን ልበል?" አለ።

"ጉዴ ነኝ።"

"መታወቂያ... ካላስቸገርኩ።"

እጃጂም ሆነ አምቦ፣ ቤተክርስቲያንም ሆነ ለቅሶ ቤት፣ ጉዴን በር ላይ አቁሞ ማንነቷን የጠየቀ ሰው እስከዛሬ አልተፈጠረም። ቢፈጠር ኖሮ ወዮለት። ከደረቷ የተቋጠረች መሐረብ አወጣች፤ ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታች፣ መታወቂያውን ዘረጋችለት። ሂርጳ ተቀብሎ ሳያየው ሊመልስላት እጁን ዘረጋ።

"እየው እንጂ! ፎቶው ያስፈራል ብለህ ነው?"

ሂርጳ አየው። ፎቶውን አየ፣ ፊቷን አየ። ቀና ብሎ ያያት ያን ጊዜ ነው።

"ጉዳይዎ ከማን ጋር ነው?" አለ፤ ድምፁ እንደ ሥራ ሰው ድምፅ ሆነ።

"ከአንተ ጋር ነበር። ጨርሻለሁ።"

መታወቂያዋን ተቀበለች፤ ግን አልሄደችም። ከኋላዋ አንድ ሽማግሌ ዱላ ተደግፈው፣ የማዳበሪያ ጆንያ በትከሻቸው ጥለው ይመጣሉ። ሂርጳ እንደ ልማዱ ወደ ቆቡ እጁን ሰደደ። ጉዴ ዓይኗን አፈጠጠችበት፤ እጁ መንገድ ላይ ቆመ። ፈቀቅ ብላ ለሽማግሌው ከበሩ ፊት ቦታ ለቀቀችላቸው።

"መታወቂያዎን ያውጡ፣ ኦቦ" አለቻቸው። "እዚህ ይጠየቃል። እኔም ተጠይቄያለሁ።"